ሲሮጡ የታሰረ ጎማ
በአሮጌ መኪኖች ላይ የሚገጠሙት ልካቸው ያልሆኑ «ስፖርት ቸርኬዎች» ስንት ያስከፍላሉ?

ሶማሌ ተራ መኪናውን እየነዳ የገባ ሰው ገና ሞተሩን ሳያጠፋ መስኮቱ ይንኳኳል። «ጋሼ፣ ምን ልፈልግልዎ? ኩሽኔታ ነው? ፍሬን ሸራ? ወይስ ስፖርት ቸርኬ?» የሚለው ደላላ ነው። ሰውየው የያዙት ሰማያዊና ነጭ የተቀባች አሮጌ ላዳ ከሆነችና ቸርኬ የሚለው ቃል ቀልባቸውን ከሳበው፣ ቀጥሎ የሚመጣው ምልልስ ከዚህ ብዙም አይርቅም።

«ለላዳ የሚሆን አላችሁ?»

«የእርስዎ ስንት ቀዳዳ ነው?»

«አራት።»

«ይሄም አራት ነው። ይቁጠሩት!»

ተቆጥሮ አራት ሆኖ ይገኛል። ዋጋ ይቆረጣል። ጎሚስታው ጎማውን ከብረቱ ቸርኬ አውልቆ አሉሚኒየሙ ላይ ይገጥማል፣ ቡሎኑ ይጠብቃል፣ መኪናዋም አምራና ደምቃ ትወጣለች። ጣጣው የሚጀምረው ከዚህ በኋላ ነው። ጥቂት ቀናት እንደሄደች መሪዋ ይንቀጠቀጣል። በዝግታ ስትታጠፍ ከጎማው በኩል ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ ይሰማል። ትናንት የጠበቀው ቡሎን ዛሬ በእጅ የሚዞር ሆኖ ይገኛል። ባለንብረቱ ወደ ጎሚስታ፣ ጎሚስታው ወደ ሜካኒክ፣ ሜካኒኩ ደግሞ ወደ ዕቃ መደብር ይልኳቸዋል። የችግሩ ምንጭ ግን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ እዚያው ነው። የተቆጠረው የቀዳዳው ብዛት እንጂ የተለካው ልኩ አይደለም።

አራት ቀዳዳ ሁሉ አንድ አይደለም

የቸርኬ ቀዳዳዎች በዘፈቀደ አልተበሱም። ሁሉም በአንድ የማይታይ ክብ ላይ በእኩል ርቀት የተደረደሩ ናቸው። በመሆኑም የቸርኬ ልክ ሁለት ቁጥር ይይዛል። የመጀመሪያው የቀዳዳዎቹ ብዛት ሲሆን፣ ሁለተኛው ደግሞ የቀዳዳዎቹን መካከለኛ ነጥብ የሚያገናኘው ክብ ስፋት በሚሊ ሜትር ሲለካ ነው። 4×98 ሲባል አራት ቀዳዳዎች 98 ሚሊ ሜትር ስፋት ባለው ክብ ላይ ተቀምጠዋል ማለት ነው።

ላዳ ይህን 98 የወረሰችው ከጣሊያን ነው። በሶቪየት ኅብረት ቶልያቲ ከተማ የተቋቋመው ፋብሪካ እ.ኤ.አ. በ1970 የመጀመሪያዋን መኪና ሲያወጣ መነሻ ያደረገው ፊያት 124ን ነበር። ፊያት በ4×98 ይሠራ ስለነበር ላዳም በዚያው ቀጠለች። የኋላ ጎማዋ የሚነዳው ይህች ጥንታዊ ላዳ እ.ኤ.አ. በ2012 ምርቷ እስኪቆም ድረስ ልኩን አልለወጠችም።

ገበያውን የሞላው ቸርኬ ግን የሌላ ቤተሰብ ነው። ቶዮታ ቪትዝ፣ የፊት ጎማቸው የሚነዳና ባለ አራት ቡሎን የሆኑ ኮሮላዎች፣ እንዲሁም የመጀመሪያዎቹ የቮልስዋገን ጎልፍ ትውልዶች ልካቸው 4×100 ነው። በ98 እና በ100 መካከል ያለው ልዩነት 2 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። ጎን ለጎን ያሉ ሁለት ቀዳዳዎች ርቀት ቢለካ ደግሞ ልዩነቱ አንድ ሚሊ ሜትር ተኩል እንኳ አይሞላም። ይህን ዓይን አይለየውም።

ነገሩ የላዳ ብቻ እንዳይመስል፣ በአንድ ስም የሚጠሩ መኪኖችም ልካቸው ይለያያል። እ.ኤ.አ. በ1979 የወጣው፣ የኋላ ጎማው የሚነዳው ኮሮላ ኬኢ 70 ልኩ 4×114.3 ነው። ከእርሱ ቀጥሎ እ.ኤ.አ. በ1983 የመጣውና የፊት ጎማው የሚነዳው ኮሮላ ግን 4×100 ነው። «የኮሮላ ነው» ብሎ የገዛ ሰው የታናሹን ቸርኬ ለታላቁ ይዞ ሊሄድ ይችላል። የአዲስ አበባ ሰው የሚወዳት ቮልስዋገን ቢትልም እንዲሁ ናት። የጥንቷ 5×205 ስትሆን፣ ከ1960ዎቹ መጨረሻ ወዲህ የወጣችው 4×130 ሆናለች።

ከእነዚህ ሁሉ ይልቅ አደገኛው ግን ያው የ98 እና የ100 ጉዳይ ነው። 4×114.3 የሆነ ቸርኬ ላዳ ላይ ጭራሽ ስለማይገባ ገዥው በሩ ላይ መልሶት ይሄዳል። 4×100 ግን ይገባል። ችግሩ መግባቱ ነው።

ይገባል፣ ግን አይያዝም

የላዳ ቡሎን ውፍረቱ 12 ሚሊ ሜትር ነው። የቸርኬው ቀዳዳ ቡሎኑን በነፃ እንዲያሳልፍ ከዚያ ሰፋ ተደርጎ ይበሳል። የ2 ሚሊ ሜትሩ ልዩነት ለሁለት ጎን ሲካፈል እያንዳንዱ ቀዳዳ ከቦታው የሚርቀው 1 ሚሊ ሜትር ነው። ይህ አንድ ሚሊ ሜትር በቀዳዳው ሰፊነት ውስጥ ይደበቃል። ስለዚህ ቡሎኑ በጣት ሲዞር ያለ ችግር ይገባል።

ሆኖም ቡሎን ጎማን የሚይዘው እንደ ችካል ቆሞ አይደለም። ቡሎኑ ሲጠብቅ ቸርኬውን ከሞዞው፣ ማለትም ቸርኬው ከሚቀመጥበት የመኪናው እምብርት ጋር አጣብቆ ይጨምቀዋል። ጎማውን ይዞ የሚያስኬደው በሁለቱ ብረቶች መካከል ያለው ሰበቃ ነው። ለዚህም ሲባል የቡሎኑ አንገት ሾጣጣ ተደርጎ ይሠራል፤ በቸርኬው ላይም ለእርሱ የሚሆን ሾጣጣ መቀመጫ አለ። ሁለቱ ዙሪያውን በሙሉ ሲገናኙ ቡሎኑ ተወጥሮ ይቀመጣል፤ አይላላም።

98 የሆነ ሞዞ ላይ 100 የሆነ ቸርኬ ሲታሰር ግን ሾጣጣው መቀመጫውን የሚያገኘው በአንድ ጎኑ ብቻ ነው። ይባስ ብሎ አንዱ ቡሎን አስቀድሞ ከጠበቀ ቸርኬውን ወደ ራሱ ይስበዋል፤ ያን ጊዜ በትይዩው ያለው ቡሎን ሙሉውን 2 ሚሊ ሜትር ይስታል። መፍቻው «ጠብቋል» ይላል፤ እጅም እንደዚያው ይሰማዋል። የጠበቀው ግን በጎን የተጣመመ ቡሎን እንጂ የተጨመቀ ቸርኬ አይደለም።

ከዚያ በኋላ ሥራውን የሚጨርሰው መንገዱ ነው። በላዳ ላይ የተለመደው 175/70 አር 13 ጎማ አንድ ጊዜ ሲዞር የሚሄደው 1 ሜትር ከ80 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው። ከአዲስ አበባ አዳማ በሚወስደው የፍጥነት መንገድ 85 ኪሎ ሜትር ያህል የተጓዘች ላዳ እያንዳንዱ ጎማዋ ወደ 47 ሺህ ጊዜ ይዞራል። በእያንዳንዱ ዙር ቡሎኑ ጥቂት ይታጠፋል፣ ይመለሳል። ሽቦን በእጅ ደጋግሞ ያጠፈ ሰው መጨረሻው ምን እንደሆነ ያውቀዋል። ወይ ቡሎኑ ይላላል፣ ወይ አንገቱ ላይ ይቆረጣል። አንዱ ሲቆረጥ ሸክሙ ለሦስቱ ይተርፋል፤ እነርሱም ዕድሜያቸው አጭር ነው። የፊት ጎማ ተፈትቶ ሲሄድ ሾፌሩ መሪ መያዙ ብዙም አይጠቅመውም። ጎማው ብቻውን እየተንከባለለ የሚያገኘው እግረኛ ደግሞ ስለ ቸርኬ ልክ ሰምቶ አያውቅም።

ማሽኑ «ደህና ነው» ሲል

መሪ ሲንቀጠቀጥ አብዛኛው ሰው መጀመሪያ የሚሄደው ወደ ባላንስ ነው። ጎሚስታው ጎማውን ማሽኑ ላይ ሰቅሎ ያዞረዋል፣ እርሳስ ይለጥፋል፣ ማሽኑም ዜሮ ያሳያል። ጎማው ተመልሶ ይታሰራል። መሪው ግን እንደ ትናንቱ ይንቀጠቀጣል። ሌላ ጎሚስታ ዘንድ ይኬዳል፤ እዚያም ዜሮ ይወጣል። ሾፌሩ «ማሽኑ ተበላሽቷል» ወይም «ሰውየው አይችልም» ብሎ ይደመድማል።

ማሽኑም ሰውየውም ጥፋት የለባቸውም። የባላንስ ማሽን ቸርኬውን የሚይዘው በመካከሉ ባለው ትልቅ ቀዳዳ በኩል ነው፤ የቡሎን ቀዳዳዎቹን አይነካም። ስለዚህ ማሽኑ ላይ ልክ ሆኖ የሚዞር ጎማ መኪናው ላይ ሲታሰር በአንድ ሚሊ ሜትር ወደ ጎን ሸሽቶ ሊቀመጥ ይችላል። ማሽኑ የሚያየው ቸርኬውን ብቻ ሲሆን በሽታው ያለው ቸርኬውና ሞዞው በሚገናኙበት ቦታ ነው። ባላንስ ተደጋግሞ ተሠርቶ መሪው ካላረፈ፣ የሚጠየቀው ጥያቄ «ቸርኬው የማን ነበር?» የሚለው መሆን አለበት።

የመካከሉ ቀዳዳም የራሱ ጣጣ አለው። የላዳ ሞዞ 58.6 ሚሊ ሜትር ነው። የቪትዝና የባለ አራት ቡሎኑ ኮሮላ ቸርኬ መካከለኛ ቀዳዳ 54.1፣ የጎልፍ ደግሞ 57.1 ሚሊ ሜትር ነው። ሁለቱም ላዳ ላይ አይገቡም። ያን ጊዜ ቸርኬው ቶርኖ ቤት ተወስዶ ይሰፋል። ባለሙያው በጥንቃቄ ካልያዘው ቀዳዳው ከመካከል ሸሽቶ ይወጣል፤ በአንዱ ስህተት ላይ ሌላ ይደረባል። በተቃራኒው የመካከል ቀዳዳው ከሞዞው የሰፋ ቸርኬ ሲገጠም በመካከላቸው ክፍተት ይቀራል። ይህ ክፍተት በልኩ በተሠራ ቀለበት ካልተሞላ ቸርኬውን መካከል ላይ የሚያስቀምጡት ቡሎኖቹ ብቻ ይሆናሉ፤ እነርሱ ደግሞ ራሳቸው ቦታቸውን ስተዋል።

ገበያው የሚያቀርባቸው መላዎች

ችግሩ ሲታወቅ መላ የሚሰጥ አይጠፋም። መላ ሁሉ ግን መፍትሔ አይደለም።

የመጀመሪያው ቀዳዳዎቹን በመሰርሰሪያ ወደ ውስጥ ማስፋት ነው። ርካሽና ፈጣን ነው፤ ከሁሉም የከፋውም እርሱ ነው። ቀዳዳው ሞላላ ሲሆን ሾጣጣው መቀመጫ ይጠፋል፤ ቡሎኑም የሚደገፍበት ያጣል። ሁለተኛው ቀዳዳዎቹን በብየዳ ደፍኖ እንደገና መብሳት ነው። አሉሚኒየም ግን ፋብሪካ ውስጥ በሙቀት ተገርቶ ጥንካሬውን ያገኘ ብረት ነው፤ የብየዳው እሳት ይህን ጥንካሬ ከቀዳዳው ዙሪያ ያጠፋዋል።

ሦስተኛው አዳፕተር ነው። በአንድ በኩል የመኪናውን፣ በሌላ በኩል የቸርኬውን ልክ የያዘ ወፍራም ብረት በመካከል ይገባል። በደንብ ከተሠራ ይይዛል። ይሁን እንጂ ጎማውን በውፍረቱ ልክ ወደ ውጭ ስለሚገፋው በኩሽኔታው ላይ የሚያርፈው ጫና ይጨምራል፤ ጎማውም ከጭቃ መከላከያው ጋር ሊፋተግ ይችላል። የሚላሉ ቡሎኖችም ከአንድ ረድፍ ወደ ሁለት ረድፍ ይበዛሉ።

አራተኛው ሾጣጣ አንገቱ ከራሱ ተለይቶ እንደ ቀለበት የሚንቀሳቀስ ልዩ ቡሎን ነው። ቀለበቱ የተሠራው እንዲህ ያለውን የ2 ሚሊ ሜትር ልዩነት እንዲያካክስ ነው። በ98 እና በ100 መካከል ለተፈጠረው ችግር በሥርዓት የታሰበበት መፍትሔ ይኸኛው ነው። ሆኖም ጥራቱ የታወቀ መሆን አለበት፤ የመካከለኛው ቀዳዳ ከሞዞው ጋር በልኩ መግጠም አለበት፤ ከ2 ሚሊ ሜትር ለሚበልጥ ልዩነትም አያገለግልም።

በገበያው ስምንት ቀዳዳ ያላቸው ቸርኬዎችም ይታያሉ። እነዚህ የተበላሹ አይደሉም። ብዙዎቹ ከፋብሪካቸው ለ4×100 እና ለ4×114.3 እንዲያገለግሉ ታስበው የተሠሩ ናቸው። ለአሮጌውም ለአዲሱም ኮሮላ ሊሆኑ ይችላሉ፤ ለላዳ ግን አሁንም አይሆኑም።

ከቀዳዳው ሌላ ገዥ የሚረሳቸው ሁለት ነገሮች አሉ። አንደኛው የቡሎኑ ርዝመት ነው። አሉሚኒየም ቸርኬ ቡሎን በሚያልፍበት ቦታ ከብረቱ በጣም ይወፍራል። የድሮው አጭር ቡሎን ከታሰረበት ሞዞው ውስጥ የሚገባው ጥርስ ጥቂት ብቻ ይሆናል። በልማድ የሚሠራበት ደንብ ቡሎኑ ቢያንስ የውፍረቱን ያህል እንዲገባ ነው። ይህም ለላዳ ቡሎን ከ9 እስከ 10 ዙር ማለት ነው።

ሁለተኛው ቸርኬው ጎማውን ወደ ውስጥ ወይም ወደ ውጭ የሚያስቀምጥበት መጠን ነው። ቸርኬው ላይ «ኢቲ» በሚል ምልክት ይጻፋል። የላዳ የብረት ቸርኬ 29 ሲሆን የፊት ጎማቸው የሚነዳ የጃፓን መኪኖች ቸርኬ በብዛት ከ35 እስከ 45 ይደርሳል። 45 የሆነው ላዳ ላይ ሲገባ ጎማውን በ16 ሚሊ ሜትር ወደ ውስጥ ያስገባዋል። ይህ ጎማው ከውስጥ ያሉትን የመኪናውን ክፍሎች ለመንካት የሚያስችል መጠን ነው።

ሂሳቡ ሲሰላ

ለመሆኑ ባለንብረቱ ይህን ሁሉ ውስጥ ለምን ይገባል? ጌጥ ፈልጎ ብቻ ነው ማለት ፍርደ ገምድልነት ይሆናል። የላዳ ምርት ከቆመ ከ10 ዓመት በላይ ሆኗል። በጉድጓድ የተጣመመና በዝገት የተበላ የብረት ቸርኬን በደህናው መተካት እንደ ድሮው ቀላል አይደለም። መኪናዋን ራሷን መለወጡ ደግሞ ይበልጥ ከብዷል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ በአገለገሉ መኪኖች ላይ ከፍ ያለ ታክስ ጣለ። በ2016 ዓ.ም. ጥር ወር ደግሞ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉን አስታወቀ። አሮጌ መኪና ያለው ሰው ያለችውን አጥብቆ ቢይዝ፣ በተገኘው ዕቃም ሊያቆያት ቢሞክር አይፈረድበትም።

ሊፈረድበት የሚችለው ሂሳቡን በግዢው ዋጋ ብቻ ሲያሰላ ነው። ልኩ ያልሆነ ቸርኬ ርካሽ የሚመስለው በመጀመሪያው ቀን ነው። ከዚያ ወዲያ ባላንስ ይከተላል። ባላንስ አልበቃ ሲል አዲስ ቡሎን ይገዛል። በላላ ቡሎን ሲሄድ የሞዞው ጥርስ ይበላል፤ እርሱም ይለወጣል። መንቀጥቀጡ ኩሽኔታውንና የመሪውን መጋጠሚያዎች ያላላል። የቸርኬው ቀዳዳ ደግሞ በመፋተግ ብዛት ሞላላ ስለሚሆን ለባለ 100 መኪና እንኳ መልሶ መሸጥ አይቻልም። ለታክሲ ሾፌር በዚህ ሁሉ ላይ ጋራዥ የቆመችበት ቀን ገቢ አለ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች የሚባለው እንዲህ ያለው ግዢ ነው።

በገበያው በኩልም ወቀሳ አይጠፋም። ዕቃው ብዙውን ጊዜ የሚሸጠው ልኩ ሳይነገር ነው። ጎማ አንድ ጊዜ ከተገጠመበት በኋላ ሻጭ «አይመለስም» ይላል። ደላላውም ድርሻውን ተቀብሎ ወደ ሌላ መስኮት ሄዷል። ልኩን የሚያውቅና በግልጽ የሚናገር ነጋዴ ግን ደንበኛ አያጣም፤ አንድ ጊዜ ያልተታለለ ገዥ ሁለተኛ ጊዜም ይመጣል።

ገዥ ምን ያድርግ?

አራት ወይም ስድስት ቀዳዳ ያለው ቸርኬ ሲለካ ከአንዱ ቀዳዳ ውስጠኛ ጠርዝ ተነስቶ በትይዩው እስካለው ቀዳዳ ውጫዊ ጠርዝ ድረስ ይለካል፤ የሚገኘው ቁጥር የክቡ ስፋት ነው። አምስት ቀዳዳ ከሆነ ትይዩ ስለሌለው ጎን ለጎን ያሉት የሁለት ቀዳዳዎች መካከለኛ ነጥብ ርቀት ተለክቶ በ1.7 ይባዛል። ለላዳ ሲሆን 98 እና 100ን በልብስ ሰፊ ሜትር መለየት ስለማይቻል ካሊፐር ያስፈልጋል። ብዙ ቸርኬዎች ደግሞ ልካቸው ከጀርባቸው ወይም ከመካከላቸው ዙሪያ ተቀርጾባቸው ይገኛል፤ ገልብጦ ማየት ገንዘብ አያስከፍልም።

ጎማ ከመገጠሙ በፊት ባዶው ቸርኬ መኪናው ላይ ይሞከር። የቡሎኖቹ ሾጣጣ አንገት ላይ ጠመኔ ወይም ስስ ግራሶ ይቀባና ቀስ ተብሎ ይጠብቅ፤ ከዚያ ይፈታና መቀመጫው ይታይ። የቀረው ምልክት ሙሉ ቀለበት ከሆነ ቸርኬው ልኩ ነው። ግማሽ ጨረቃ ከሆነ ግን ዕቃው ለባለቤቱ ይመለስ። ከዚያ በኋላ ግራሶው ተጠርጎ ይጽዳ። የቡሎኑ አንገት ዓይነትም ይታይ። ክብ አንገት ያላቸው የቮልስዋገን ቡሎኖችና ጠፍጣፋ ሮንዴላ ያላቸው የአንዳንድ ቶዮታ ዳዶዎች ሾጣጣ መቀመጫ ላይ አይሆኑም።

ሲገዛ ደረሰኝ ላይ የመኪናው ዓይነትና «ካልገጠመ ይመለሳል» የሚል ቃል እንዲጻፍ መጠየቅ ተገቢ ነው። ከተገጠመ በኋላ ደግሞ ከ50 እስከ 100 ኪሎ ሜትር ሲሄድ ቡሎኖቹ በመስቀለኛ ቅደም ተከተል እንደገና ይፈተሹ። ልኩ በሆነ ቸርኬ ላይ አንድ ጊዜ ብቻ ትንሽ መጥበቅ የተለመደ ነው። በየሳምንቱ የሚላላ ቡሎን ግን ረጅም ቧንቧ መፍቻው ላይ ሰክቶ በማጥበቅ አይድንም፤ ቡሎኑ የሚናገረው ነገር አለና ቸርኬው ይውረድ።

በቀለም የታደሰ፣ ያልተጣመመ የብረት ቸርኬ ለአሮጌ ላዳ አያሳፍርም። ፋብሪካው የሰጣት እርሱን ነው፤ መቀመጫው ዙሪያውን ይገጥማል፤ ቡሎኑም እንደተወጠረ ይቆያል። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል የሚለው ተረት ለመቀነት የተነገረ ቢሆንም ለጎማም ይሠራል። በ«አራት ነው፣ ይቁጠሩት» የተገዛ ቸርኬ ታስሮ የሚቆየው ገበያው በር ላይ ቆሞ ሳለ ነው። መንገድ ላይ ግን መኪናዋ ትሮጣለች።